ስለ ቍጥር ሥር አወጣጥ፤ ለምንስ ሁለት ሁለት እንቈርጣለን?

በከተማችን ቤት የሚሸጥም የሚገዛም ሰው «ካሬ» የምትለውን ቃል ሳያነሣ አይውልም። «ቦታው ሁለት መቶ ካሬ ነው»፥ «ቤቱ ያረፈው በመቶ ሰባ አምስት ካሬ ላይ ነው» ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ነገሩን ወደ ኋላ መልሰን «አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ቦታ 225 ካሬ ቢሆን፥ አንዱ ጎኑ ስንት ሜትር ነው?» ብለን ብንጠይቅ ፈጥኖ «15» የሚል ሰው አይጠፋም። በ225 ፋንታ 55,225 ካሬ ብንል ግን የአብዛኞቻችን እጅ የሚሄደው ወደ ኪስ፥ ወደ ስልካችን ነው።

ይህ ጽሑፍ የተነሣበት ጕዳይ ይኸው ነው። አንድ ቍጥር በራሱ ተባዝቶ የሚሰጠውን ውጤት ካሬ፥ በራሱ የተባዛውን ቍጥር ደግሞ ሥር እንላለን፤ በክፍል ውስጥ ስኩዌር ሩት ስንለው የኖርነው ማለት ነው። ሥሩ ሽርፍራፊ የሌለበት ሙሉ ቍጥር ሲሆን ቍጥሩን ፍጹም ካሬ እንለዋለን። ስለዚህ 49 ፍጹም ካሬ ነው፥ ሥሩ 7 ነውና፤ 50 ግን አይደለም።

ብዙዎቻችን ዩኒቨርሲቲ ከመግባታችን በፊት ቍጥርን ከቀኝ ወደ ግራ ሁለት ሁለት እየቈረጡ ሥር የሚያወጡበትን ዘዴ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አይተናል፤ አንዳንዶቻችንም እስከ ዛሬ ድረስ በቃላችን ይዘነዋል። ነገር ግን «ለምን ሁለት ሁለት? ለምን ሦስት ሦስት አይሆንም? ያገኘነውን አኃዝስ ለምን በሁለት እናባዛዋለን?» ብሎ ለጠየቀ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ዝም ብለህ ቍረጥ፤ ደንቡ ነው» የሚል ነው። እኛ ይህን መልስ አንቀበለውም። ደንቡን ያለ ምክንያቱ የያዘ ሰው አንዲት ደረጃ የዘነጋ እንደ ሆነ መንገዱን መልሶ የሚያገኝበት ብልሃት የለውም፤ ካልኩሌተር በማይፈቀድበት ፈተና ላይ ተቀምጦ «ቀጥሎ የነበረው ምን ነበር?» እያለ ሲያስታውስ ሰዓቱ ያልቃል። ከዚህም በቀር ክረምት በመጣ ቍጥር ወደየቤታችን ስንመለስ ታናናሾቻችንን የምናስጠናው እኛው ነን። ዛሬ እኛ እንደ ድግምት የያዝነውን ነገ እነርሱም እንደ ድግምት ይቀበሉናል።

ምክንያቱ ደግሞ ሩቅ አገር ያለ አይደለም። ግድግዳችን ላይ በተሰቀለው የቀን መቍጠሪያና በዳዊቱ ገጽ ላይ በምናያቸው በግዕዝ አኃዞች ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ለትንንሽ ቍጥሮች የሚበቁትን ሁለት ዘዴዎች እንመልከት፤ አንደኛው በኋላ ለምንፈልገው ምክንያት መሠረት ይሆነናልና።

ከሁሉ የሚቀለው ዘዴ መቀነስን ብቻ የሚጠይቅ ነው። ከቍጥሩ ላይ በመጀመሪያ 1፥ ቀጥሎ 3፥ ቀጥሎ 5፥ እንዲህ እያልን ጎዶሎ ቍጥሮችን በተራ እንቀንሳለን። ዜሮ ላይ ስንደርስ ስንት ጊዜ እንደ ቀነስን እንቈጥራለን፤ ሥሩ ያ ነው። ከ49 ብንነሣ 48፥ 45፥ 40፥ 33፥ 24፥ 13፥ 0 እናገኛለን። ሰባት ጊዜ ቀንሰናል፥ ሥሩም 7 ነው። ዜሮ ላይ ሳንደርስ የቀረው ከሚቀነሰው ያነሰ እንደ ሆነ ግን ቍጥሩ ፍጹም ካሬ አይደለም።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለማየት የቡና ሲኒዎችን በረከቦት ላይ ደርድሩ። መጀመሪያ አንድ ሲኒ ብቻ አስቀምጡ። ድርድሩን ሁለት በሁለት ለማድረግ አንድ በቀኝ፥ አንድ በታች፥ አንድ ደግሞ በማዕዘኑ፥ በጠቅላላው 3 ሲኒ መጨመር ያስፈልጋል። ሦስት በሦስት ለማድረግ ሁለት በቀኝ፥ ሁለት በታች፥ አንድ በማዕዘኑ፥ ማለት 5 ይጨመራል። ቀጥሎ 7፥ ቀጥሎ 9 ነው። እንግዲህ ካሬ በአደገ ቍጥር የሚጨመርለት ነገር ሁልጊዜ ሁለት እኩል ጎኖችና አንድ ማዕዘን ነው። «ሁለት ጎንና አንድ ማዕዘን» የምትለዋን ቃል አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ እርሷ ናትና።

ዘዴው የልጆች ጨዋታ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1946 ዓ.ም. በፊላደልፊያ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ የተገለጸው ኤኒያክ የሚባለው ታላቅ የኤሌክትሮኒክ ማስያ ሥር ያወጣ የነበረው በዚሁ ጎዶሎ ቍጥሮችን በመቀነስ መሠረት መሆኑን ይወቅ። መኪና ግን አይሰለቸውም። እኛ የ55,225ን ሥር በዚህ መንገድ እናውጣ ብንል 235 ጊዜ መቀነስ ይኖርብናል።

ሁለተኛው ዘዴ ቍጥሩን ወደ ብቸኛ ቍጥሮች መበተን ነው። 1,764ን ብንወስድ 2 በ2፥ 3 በ3፥ 7 በ7 ተባዝተው የሚሰጡት ቍጥር ነው፤ ከየጥንዱ አንዳንድ ብናነሣ 2 በ3 በ7፥ ማለት 42 ይሆናል። ይህ ለትምህርት ቤት ጥያቄ መልካም ነው፥ ጥያቄ የሚያወጡ ሰዎች በ2ና በ3 የሚካፈሉ ቍጥሮችን ይወዳሉና። ብቸኛ ቍጥሩ ትልቅ ሲሆን ግን ዘዴው ይለግማል። 55,225 ሁለት ጊዜ በ5 ተካፍሎ 2,209 ላይ ይቆማል፤ 2,209 ደግሞ 47 በ47 መሆኑን ወዲያው የሚያይ ሰው ብዙ አይመስለንም። ይህንኑ ለማወቅ ተመልሶ ሥር ማውጣት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። 55,225ን በአማርኛ ስናነብ «ሃምሳ አምስት ሺ ሁለት መቶ ሃያ አምስት» እንላለን። ሰረዟንም የምናደርገው ከሦስት ሦስት አኃዝ በኋላ ነው፤ ይህ ከፈረንጅ የወሰድነው ልማድ ነው። በግዕዝ አኃዝ ስንጽፈው ግን እንዲህ ይሆናል፦

፭፼፶፪፻፳፭

ይኸውም አምስት እልፍ፥ ሃምሳ ሁለት መቶ፥ ሃያ አምስት ማለት ነው። እልፍ ዐሥር ሺ መሆኑን እናስታውስ። እንግዲህ ቍጥሩ 5፥ 52፥ 25 ተብሎ በሦስት ክፍል ተቈርጦ ተገኘ፤ መምህራችን በሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጭረት ያደርጉት የነበረው መቍረጥ ይኸው ነው።

የግዕዝ አኃዞች ከግሪክ ፊደላት እንደ መጡ የታወቀ ነው። ግሪኮች ግን ለሁለት መቶ፥ ለሦስት መቶ፥ እስከ ዘጠኝ መቶ ድረስ ለእያንዳንዱ ልዩ ልዩ ፊደል ነበራቸው። የእኛዎቹ ይህን ትተው መቶውን በአንዲት ምልክት ወስነው ብዛቱን ከፊቷ ጻፉ፤ ፪፻፥ ፫፻፥ ፶፪፻ እያሉ። ሁለት ፻ ጎን ለጎን ሲያያዙ ደግሞ ፼ ሆኑ፤ መቶ ጊዜ መቶ እልፍ ነውና። በዚህ ምክንያት አጻጻፉ ሁሉ ከመቶ ወደ መቶ የሚራመድ፥ ማለት በየሁለት አኃዝ የሚቈረጥ ሆነ። ይህን ያደረጉት ሥር ለማውጣት አስበው ነው አንልም፤ እንዲህ ብሎ መመካት ከንቱ ነው። ነገር ግን የመቶን እርምጃ ስለ መረጡ አጻጻፋቸው ከካሬ ጠባይ ጋር ልክ ለልክ ገጠመ።

የካሬ ጠባይ ምንድን ነው? 10 በ10 ሲባዛ 100 ነው፤ 100 በ100 ሲባዛ 10,000 ነው። ሥሩ አንድ ቤት ወደ ግራ ሲሄድ ካሬው ሁለት ቤት ይሄዳል። ከ1 እስከ 9 ያሉት ቍጥሮች ካሬያቸው ከ1 እስከ 81 ነው፤ ከሁለት አኃዝ አያልፍም። ከ10 እስከ 99 ያሉት ካሬያቸው ከ100 እስከ 9,801 ነው፤ ሦስት ወይም አራት አኃዝ ነው። ከ100 እስከ 999 ያሉት ደግሞ ከ10,000 እስከ 998,001 ይደርሳሉ። ስለዚህ የሥሩ እያንዳንዱ አኃዝ በካሬው ውስጥ ሁለት ቤት ይይዛል ማለት ነው፤ በግራ ዳር ያለው ክፍል ብቻ ባለ አንድ አኃዝ ሊሆን ይችላል። በሦስት ሦስት የማንቈርጠው በዚህ ምክንያት ነው። በሦስት ሦስት የሚቈረጠው የኩብ ሥር ሲፈለግ ነው፥ 10 ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ሲባዛ 1,000 ይሆናልና።

በግዕዝ አኃዝ ይህ ሁሉ በዓይን ይታያል። የ፻ ሥር ፲ ነው፥ የ፼ ሥር ፻ ነው። ፭፼፶፪፻፳፭ ሦስት ክፍል ስላለው ሥሩ ባለ ሦስት አኃዝ ነው፤ የእልፉ ክፍል የመቶ ቤቱን፥ የመቶው ክፍል የዐሥር ቤቱን፥ የመጨረሻው ክፍል የአንድ ቤቱን ያስገኛል።

እንግዲህ የ55,225 ካሬ ቦታችንን ይዘን እንቀጥል። በሚባዛ ወረቀት ላይ ሥዕል በደንብ ስለማይወጣ አንባቢ በራሱ ወረቀት ላይ እየሣለ ቢከተለን ይሻላል። በመጀመሪያ አንድ ትልቅ ካሬ ሣሉ፤ አንዱ ጎኑ ስንት እንደ ሆነ ገና አናውቅም።

በእልፍ ክፍል ያለው 5 ነው። ከ5 ያልበለጠ ትልቁ ካሬ 4 ነው፥ ሥሩም 2 ነው። ስለዚህ የመቶ ቤቱ 2 ሆነ፤ ይህም ማለት ጎኑ ከ200 ሜትር አያንስም፥ 300 ግን አይሞላም። ከቦታው በግራ በላይ ማዕዘን 200 በ200 የሆነ ካሬ ቈርጠን እናውጣ። 40,000 ወጣ፥ 15,225 ቀረ።

የቀረው መሬት ምን ይመስላል? እንደ ሲኒዎቹ ነው፤ በቀኝ አንድ ጠባብ ቍራጭ፥ በታች አንድ ጠባብ ቍራጭ፥ በመካከላቸው አንድ ትንሽ ማዕዘን። ሁለቱ ጠባብ ቍራጮች ርዝመታቸው እያንዳንዳቸው 200 ነው፥ ቢቀጣጠሉ 400 ይሆናሉ። ያገኘነውን 2 በሁለት አባዝተን 4 የምንለው ለዚህ ነው፤ ከሁለት ወገን ስለሆነ ብቻ እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። አሁን ስፋታቸውን እንፈልግ። 15,225 ለ400 ቢካፈል ከ38 ጥቂት ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ማዕዘኑም የራሱን ድርሻ ይፈልጋል፥ ስለዚህ 30 እንሞክር። ሁለቱ ቍራጮች 400 በ30፥ ማለት 12,000 ናቸው፤ ማዕዘኑ 30 በ30፥ ማለት 900 ነው፤ በድምሩ 12,900። ይህ ከ15,225 ይወጣል። 40 ብንል ኖሮ 16,000 ሲደመር 1,600 ሆኖ ከቀረው መሬት ይበልጥብን ነበር። ስለዚህ የዐሥር ቤቱ 3 ነው። 2,325 ቀረ።

አሁን የወጣው ካሬ 230 በ230 ሆኗል። የቀረው መሬት እንደ ገና ሁለት ጠባብ ቍራጭና አንድ ማዕዘን ነው። የሁለቱ ርዝመት 460 ነው። ስፋቱን 5 ብንል 460 በ5፥ 2,300፤ ማዕዘኑ 5 በ5፥ 25፤ በድምሩ 2,325። ምንም አልቀረም። ጎኑ 235 ሜትር ነው።

በሰሌዳ ላይ የምናውቀው አጻጻፍ ይህንኑ ዜሮዎቹን ትቶ በአጭሩ የሚጽፍ ነው፦

5 / 52 / 25
5 ሲቀነስ 4፥ ቀሪ 1፤ የሥሩ አኃዝ 2
152 ሲቀነስ 43 በ3 (129)፥ ቀሪ 23፤ የሥሩ አኃዝ 3
2325 ሲቀነስ 465 በ5 (2325)፥ ቀሪ 0፤ የሥሩ አኃዝ 5

በሁለተኛው መስመር 43 ከየት መጣ? 4 የ2 እጥፍ ነው፥ ማለት የሁለቱ ቍራጮች ርዝመት፤ 3 ደግሞ አዲሱ አኃዝ ነው። አዲሱን አኃዝ ከ4 ቀጥሎ ጽፎ በዚያው አኃዝ ማባዛት ቍራጮቹንና ማዕዘኑን በአንድ ጊዜ ማስላት ነው። በሦስተኛው መስመርም 46 የ23 እጥፍ ነው። በአልጀብራ ለሚወዱ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንዲህ እንበላቸው፦ ሀ ሲደመር ለ በራሱ ሲባዛ የሀ ካሬ፥ ሁለት ጊዜ ሀ በለ፥ የለ ካሬ ነው። የሀ ካሬ አስቀድሞ ወጥቷል፤ የቀረው «ሁለት ሀ ሲደመር ለ» ተባዝቶ በለ ነው።

ይህን ቍጥር እኛ አልመረጥነውም። ከሁለት ሺ ዓመት ገደማ በፊት በቻይና የተዘጋጀው «ዘጠኝ ምዕራፍ የሒሳብ ጥበብ» የሚባለው መጽሐፍ በአራተኛው ምዕራፉ 55,225ን ሰጥቶ ጎኑን ይጠይቃል። ልዩ ሁዊ የሚባለው ሊቅ ከልደተ ክርስቶስ በኋላ በ263 ዓ.ም. መጽሐፉን ሲተረጕም ምክንያቱን ያስረዳው ካሬን እየቈረጡ በማውጣት ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው ቴዎን የ4,500ን ሥር በካሬ ሥዕል አስረድቷል፤ በሕንድም አርያብሃታ በ499 ዓ.ም. የየአኃዙን አወጣጥ ደንብ በግጥም ጻፈው። ዐረቦች የተባዛውን ቍጥር «ጀዝር»፥ ማለት ሥር ብለው ጠሩት፤ ላቲኖችም ያንኑ ቃል በቋንቋቸው «ራዲክስ» አሉት። ዛሬ የምንጽፈው የሥር ምልክት በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው ክሪስቶፍ ሩዶልፍ የሚባል ሰው በ1525 ዓ.ም. ባሳተመው የአልጀብራ መጽሐፍ ነው። እንግዲህ ዘዴው የአንድ ሕዝብ ብቻ አይደለም፤ ካሬ መሬት የሚለካ ሁሉ የሚደርስበት ነው።

ተማሪ ከሁሉ ይልቅ የሚሰናከለው ዜሮ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። እዚያው የቻይና መጽሐፍ ውስጥ 3,972,150,625 የሚል ቍጥር አለ። ሲቈረጥ 39 / 72 / 15 / 06 / 25 ይሆናል፤ አምስት ክፍል ነውና ሥሩ ባለ አምስት አኃዝ ነው። ከ39 ላይ 36 ይወጣል፥ የመጀመሪያው አኃዝ 6፥ ቀሪ 3። 372 ላይ 123 በ3፥ 369 ይወጣል፥ ሁለተኛው አኃዝ 3፥ ቀሪ 3። አሁን 15ን ስናወርድ 315 ሆነ። የ63 እጥፍ 126 ነው፤ ከ126 ቀጥሎ 1 እንኳ ብንጽፍ 1,261 ይሆናል፥ 315 ደግሞ አይችለውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዝም ብሎ ቀጣዩን ክፍል ያወርድና በሥሩ ላይ ምንም ሳይጽፍ ያልፋል። አይገባም። የዚህ ክፍል አኃዝ 0 ነው፥ መጻፍም አለበት፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ አኃዝ ይገባዋልና። ከዚያ 06ን አውርደን 31,506 ይሆናል፤ የ630 እጥፍ 1,260 ነው፤ 12,602 በ2፥ 25,204 ይወጣል፥ ቀሪ 6,302። በመጨረሻ 630,225 ላይ 126,045 በ5 ልክ ይገባል። ሥሩ 63,025 ነው።

የግዕዝ አኃዝም በዚህ በኩል ጥንቃቄ ይፈልጋል፥ ዜሮ የለውምና። 10,201 በግዕዝ ፼፪፻፩ ተብሎ ይጻፋል። ይህን የሚያይ ሰው 1፥ 2፥ 1 ብሎ አስቦ 121፥ ሥሩም 11 ሊል ይችላል። ነገር ግን ክፍሎቹ 1 / 02 / 01 ናቸው፤ ሥሩም 101 ነው። ፼ ከፊቷ ምንም ባይጻፍ አንድ እልፍ እንደ ሆነች፥ ፪ም ከ፻ ፊት ስትቆም ሁለት ቤት እንደምትይዝ ማስታወስ ነው። የመቶው ክፍል ጨርሶ የሌለበትም ቍጥር አለ፤ ለምሳሌ ፬፼ 4 / 00 / 00 ነው፥ ሥሩም 200።

ለፈተና የሚጠቅም አንድ አጭር መንገድም አለ። ቍጥሩ ፍጹም ካሬ መሆኑ አስቀድሞ ከተነገረንና ሁለት ክፍል ብቻ ካለው ምንም ሳንጽፍ ሥሩን ማግኘት እንችላለን። 7,569ን እንውሰድ፤ 75 / 69 ነው። ከ75 ያልበለጠው ካሬ 64 ስለሆነ የዐሥር ቤቱ 8 ነው። መጨረሻው 9 ስለሆነ የአንድ ቤቱ 3 ወይም 7 ነው። ከ83ና ከ87 የትኛው ነው? መካከላቸው ያለውን 85ን በራሱ እናባዛ፤ በ5 የሚያልቅ ቍጥር ካሬው ቀላል ነው፥ 8 በ9፥ 72፤ ከኋላው 25፤ ስለዚህ 7,225። የእኛ ቍጥር ከዚህ ስለሚበልጥ ሥሩ 87 ነው። ይህ መንገድ ግን የሚያገለግለው ቍጥሩ በእርግጥ ፍጹም ካሬ ሲሆን ብቻ ነው። 7,559 ብንሰጠውም ያለ ኀፍረት 87 ብሎ ይመልሳልና።

ስለዚህ ቍጥሩ ፍጹም ካሬ ሊሆን እንደማይችል የሚያስታውቁ ምልክቶችን ማወቅ ያስፈልጋል። በ2፥ በ3፥ በ7 ወይም በ8 የሚያልቅ ቍጥር ፈጽሞ ካሬ አይደለም። በ5 አልቆ ከፊቱ 2 ከሌለ አይደለም። በመጨረሻው ያሉት ዜሮዎች ብዛት ጎዶሎ ከሆነ አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው ግን አኃዞቹን መደመር ነው፤ ድምሩ አንድ አኃዝ እስኪሆን ድረስ ደጋግመን ብንደምር ካሬ የሆነ ቍጥር 1፥ 4፥ 7 ወይም 9 እንጂ ሌላ አይሰጥም። ይህ የሚሆነው የአኃዞች ድምር ቍጥሩ ለ9 ሲካፈል የሚተርፈውን ስለሚያሳይ ነው፤ ከ0 እስከ 8 ያሉትን ትርፎች በራሳቸው አባዝቶ መመልከት ይበቃል። 7,559ን ብንደምር 26፥ ከዚያ 8 ይሆናል፤ ስለዚህ ካሬ አይደለም። ይሁን እንጂ ምልክቶቹ ሐሰተኛን ያባርራሉ እንጂ ለእውነተኛ አይመሰክሩም፤ ፈተናውን ሁሉ አልፎ ካሬ ያልሆነ ቍጥር ብዙ አለ። የመጨረሻው ዳኛ ቀሪው ዜሮ መሆኑ ነው።

«ስልኬ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል አንባቢ አሁንም አይታጣም። ለእርሱ አንድ ቍጥር እናቅርብለት፦ 10,000,000,000,000,001። ይህን ያህል አኃዝ የሚቀበሉ ብዙ ካልኩሌተሮች ሥሩን ሲጠየቁ 100,000,000 ብለው ይመልሳሉ። መልሱን ያየ ሰው ቍጥሩ ፍጹም ካሬ ነው ብሎ ይፈርዳል። እኛ ግን አኃዞቹን ስንደምር 2 እናገኛለን፤ ፍጹም ካሬ ሊሆን አይችልም። እውነተኛው ሥር ከ100,000,000 የሚበልጠው በስምንት ዜሮዎች ከነጥብ በኋላ በምትመጣ 5 ብቻ ስለሆነ፥ መኪናው የሚይዛቸው አኃዞች አልቀውበት ቈርጦ ጣላት። ኮምፒዩተር የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ይህን ጕድጓድ ሊያውቁት ይገባል፤ አንድ ቍጥር ፍጹም ካሬ መሆኑን በፕሮግራም ሲመረምሩ መኪናው የሰጠውን ሥር ወደ ሙሉ ቍጥር አጠጋግተው፥ በሙሉ ቍጥር ስሌት መልሰው በራሱ ማባዛት እንጂ ማመን ብቻ አይበቃም።

ፍጹም ካሬ ላልሆነው ቍጥር የእስክንድርያው ሄሮን፥ በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው፥ ሌላ መንገድ ትቶልናል። ሦስት ጎኖቹ 7፥ 8ና 9 የሆነ መሬት ስፋቱ የ720 ሥር ነው። ሄሮን እንዲህ አለ፦ የቅርቡ ካሬ 729 ነው፥ ሥሩ 27። 720ን ለ27 ብናካፍል 26 ከሁለት ሦስተኛ ነው። ሁለቱን ደምረን ለሁለት ብናካፍል 26 ከአምስት ስድስተኛ ይሆናል። ይህ በራሱ ቢባዛ ከ720 የሚበልጠው በአንድ ሠላሳ ስድስተኛ ብቻ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ገማቹ ቍጥር ከሥሩ ከበለጠ የድርሻው ውጤት ከሥሩ ያንሳል፥ እውነተኛውም በመካከላቸው ይገኛል። ለፍጹም ካሬም ያገለግላል፤ ለ55,225 ከ200 ብንነሣ መካከለኛው 238፥ እንደ ገና 235 ከጥቂት ሽርፍራፊ ይመጣል፤ 235ን በራሱ አባዝቶ ማረጋገጥ ነው። ፈጣኑ ይህ ነው፤ ነገር ግን ማካፈል ይበዛበታል፥ እኛም በወረቀት ለሚሠራ ሰው የመቍረጡን ዘዴ እንመርጣለን።

እጃቸውን ለማፍታታት ለሚፈልጉ አንባብያን አራት ቍጥሮች እንተዋለን፦ 88,209፤ 54,321፤ ፬፻፲፪፼፱፻፤ ፺፱፼፹፻፩። ከእነዚህ አንዱ ፍጹም ካሬ አይደለም፤ እርሱንም ሥር ሳያወጡ መለየት ይቻላል። በግዕዝ የተጻፉትን ሳይገለብጡ እዚያው በግዕዙ ላይ ጭረት እያደረጉ እንዲጀምሩ እንመክራለን፤ በሦስተኛው ላይ ዜሮዎቹ የት እንደ ተደበቁ ልብ ይሏል።